ኒውትሪኖ እንዴት ተያዘ?

ለልምምድ ማስተማር ስንዘጋጅ አንድ ጓደኛችን «የማይታይ፣ የማይዳሰስ ነገር አለ ብዬ ለተማሪ ስነግር ‹አንተስ በምን አወቅህ?› ቢለኝ ምን እመልሳለሁ?» ሲል ጠየቀ። ክፍሉ ሳቀ እንጂ የመለሰ አልነበረም። እኔም ዝም አልኩ። ነገሩ ግን አልለቀቀኝም። ቤተ መጻሕፍት ገብቼ ሳገላብጥ ፍሬድሪክ ራይንስ የሚባል አሜሪካዊ የፊዚክስ ሊቅ አብዛኛውን የሥራ ዘመኑን ከዚሁ ጥያቄ ጋር ሲታገል እንደኖረ አነበብኩ። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አንዳንድ አቶሞች ኤሌክትሮን እየተፉ ወደ ሌላ ዓይነት አቶም ይለወጣሉ። ቤታ ጨረር የምንለው ይኸው ነው። ሊቃውንት ከለውጡ በፊት የነበረውንና በኋላ የተገኘውን ጉልበት ሲያስተያዩት ሂሳቡ ጎደለ። ጉልበት ደግሞ ዝም ብሎ አይጠፋም። ስለዚህ ቮልፍጋንግ ፓውሊ በ1930 ጉድለቱን ይዞ የሚሾልክ፣ የኤሌክትሪክ ቻርጅ የሌለው አንድ ትንሽ ቅንጣት መኖር አለበት ሲል ሐሳብ አቀረበ። ኒውትሪኖ የተባለው እሱ ነው፤ በጣልያንኛ «ትንሹ ገለልተኛ» እንደማለት ነው።

ችግሩ ይህ ቅንጣት ከምንም ነገር ጋር ለመጋጨት እጅግ ሰነፍ መሆኑ ነው። ከፀሐይ ብቻ የሚመጡት በአውራ ጣታችን ጥፍር ስፋት ላይ በየሴኮንዱ ከ60 ቢሊዮን በላይ ያልፋሉ። ሌሊት ፀሐይ ከመሬት ወዲያ ማዶ ስትሆን መሬትን ሰንጥቀው ከእግራችን በታች ይመጡብናል። ታዲያ ምንም የማይነካ ነገር በምን ይያዛል? በ1934 ሁለት ታላላቅ ሊቃውንት፣ ቤቴና ፓየርልስ፣ አስልተው ጨርሶ ሊታይ አይችልም እስከማለት ደርሰው ነበር።

ራይንስ በ1918 ኒው ጀርዚ ውስጥ ተወለደ። ሁለተኛ ደረጃ ሲገባ ከሳይንስ ይልቅ ሥነ ጽሑፍና ታሪክ ይሻለው ነበር። በኋላ ግን አንድ የሳይንስ መምህር በፈለገ ሰዓት ገብቶ እንዲሠራ የላቦራቶሪውን ቁልፍ ሰጠው። (እኔ በተማርኩበት ትምህርት ቤት ቁልፉ ያለው ንብረት ክፍል ነበር፤ ላቦራቶሪውን ያየሁት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው።)

ከጦርነቱ ጊዜ ጀምሮ ሎስ አላሞስ በአቶም ቦምብ ሥራ ላይ የቆየው ራይንስ በ1951 ከክላይድ ካወን ጋር ተጣምሮ ኒውትሪኖን ለማደን ተነሣ። የመጀመሪያው ዕቅዳቸው ዛሬ ሲነበብ ያስደነግጣል። ቦምብ በሚፈነዳበት አጠገብ ጥልቅ ጉድጓድ ተቆፍሮ፣ መሣሪያው በፍንዳታው ቅጽበት ወደ ታች ይለቀቅና ላባና ስፖንጅ ላይ ይወድቃል! ተፈቅዶላቸውም ነበር። በ1952 ግን የተሻለ ዘዴ መጣላቸው፤ በዝግታ የሚሠራ የኑክሊየር ማብላያም ይበቃል። በ1953 ሃንፎርድ ላይ ሞከሩ፤ ከሰማይ የሚዘንበው የኮስሚክ ጨረር እያደናገራቸው ከጥርጣሬ ያለፈ ውጤት አላገኙም።

ተስፋ ሳይቆርጡ በደቡብ ካሮላይና፣ ሳቫና ሪቨር ከሚባለው ማብላያ ሥር፣ 12 ሜትር ያህል ከመሬት በታች ገቡ። መሣሪያቸው እንደ ሳንድዊች የተደራረበ ነው። መሐል ላይ ካድሚየም ክሎራይድ የተሟሟበት የውሃ ታንክ፤ ከላይና ከታች ጨረር ሲያልፍበት ብልጭ የሚል ፈሳሽ፤ በፈሳሹ ዙሪያ ብልጭታውን የሚለቅሙ ብዙ ቱቦዎች።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከስንት አንድ ኒውትሪኖ (በትክክሉ ከማብላያ የሚወጣው አንቲኒውትሪኖ ነው) ከውሃው ውስጥ ፕሮቶን ይመታል። ፕሮቶኑ ወደ ኒውትሮን ይለወጥና ፖዚትሮን ይወጣል። ፖዚትሮኑ ወዲያው ከኤሌክትሮን ጋር ተገናኝቶ ሁለቱም ይጠፋሉ፤ በምትካቸው ሁለት ጋማ ጨረሮች በተቃራኒ አቅጣጫ ይፈነጠቃሉ። አንደኛው ብልጭታ ይህ ነው። ኒውትሮኑ ደግሞ ወዲያ ወዲህ ሲላተም ቆይቶ ፍጥነቱ ሲበርድ ካድሚየም ይውጠዋል፤ ካድሚየሙም ጋማ ጨረር ይለቃል። ሁለተኛው ብልጭታ! በመካከላቸው የሚያልፈው ጥቂት የሴኮንድ ሚሊዮንኛ ነው። ደጅ አንዴ ቢንኳኳ ነፋስ ነው እንላለን፤ በተነጋገርንበት ልክ ሁለቴ ሲንኳኳ ግን የቀጠርነው ሰው ነው።

ያገኙት በሰዓት ሦስት ያህል ምልክት ብቻ ነበር። እኔን የማረከኝ ግን ከዚያ በኋላ ያደረጉት ነው፤ ራሳቸውን ተጠራጠሩ። ማብላያው ሲጠፋ ምልክቱ ይቀንሳል ወይ? ቀነሰ። ከማብላያው ያመለጠ ተራ ኒውትሮን ቢሆንስ? ውሃ የጠጣ ሰጋቱራ በከረጢት ሞልተው ዙሪያውን ከመሩበት። ተራ ኒውትሮን ቢሆን ኖሮ ይታገድ ነበር፤ ምልክቱ ግን ንቅንቅ አላለም። ከውሃው ከፊሉን በከባድ ውሃ ተክተው ተራዎቹን ፕሮቶኖች ሲያሳንሱ ምልክቱ በዚያው ልክ አነሰ። ሰኔ 14 ቀን 1956 ለፓውሊ ቴሌግራም ላኩ፤ ሐሳቡን ካቀረበ ሩብ ምዕተ ዓመት አልፎት ነበር።

ራይንስ በዚህ አላቆመም። በ1965 ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ከ3 ኪሎ ሜትር በላይ በሚጠልቅ የወርቅ ማዕድን ጉድጓድ ከባልደረቦቹ ጋር መሣሪያ ተክሎ የኮስሚክ ጨረር ከአየር ጋር ሲጋጭ የሚፈጠሩ ኒውትሪኖዎችን አየ። ሕንድ ውስጥ በኮላር የወርቅ ማዕድን የሚሠሩ ሊቃውንትም በዚያው ዓመት አይተዋል። በ1987 አንድ ሩቅ ኮከብ ሲፈነዳ ራይንስ ያለበት ቡድን በኦሃዮ የጨው ማዕድን ውስጥ ባኖረው የውሃ ታንክ 8 ኒውትሪኖዎችን መዘገበ።

የኖቤል ሽልማት ያገኘው በ1995 ነው፤ ቴሌግራሙ ከተላከ ከ39 ዓመት በኋላ። የሥራ ጓደኛው ካወን በ1974 ስለሞተ አልተሸለመም፤ ሽልማቱ ለሞተ ሰው አይሰጥምና። ራይንስም በ1998 ዐረፈ።

ያ ጓደኛችን ይህን ሳነብለት የሰጋቱራው ነገር ላይ ሲደርስ «እሱን ድገመው» አለኝ።