ሀዲዱ በየት ይለፍ? ድምፅ አልባው የካውቦይ ፊልም ከድሬ ዳዋ ሲታይ

የአሜሪካዊው ዳይሬክተር የጆን ፎርድ ድምፅ አልባ ፊልም «ሦስት መጥፎ ሰዎች» የወጣው በ1926 ነውና በ2026 መቶ ዓመት ይሞላዋል (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው)። ታላቁ ሥራው «የብረት ፈረስ» ደግሞ በ2024 መቶውን ደፍኗል። በቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ላደግን ሰዎች የካውቦይ ፊልም ማለት ክሊንት ኢስትዉድ፣ ሽጉጥና የማይሞት አክተር ነበር። ከዚያ በፊት ለሩብ ምዕተ ዓመት ያህል ያለ ድምፅ የተሠራውን ግን ብዙዎቻችን አላየነውም። ድሬ ተወልዶ ያደገ ሰው የዚያን ዘመን ፊልሞች ቢያይ ከማንም ቀድሞ የሚገባው ይመስለኛል፤ ምክንያቱም እነዚህ ፊልሞች ከፈረሱ ይልቅ የባቡር ናቸው።

ባቡር ከጅቡቲ ተነሥቶ ድሬ የደረሰው በ1902 መጨረሻ ነው። በዓመቱ፣ በ1903 መጨረሻ፣ የኤዲሰን ኩባንያ «ታላቁ የባቡር ዝርፊያ»ን ለሕዝብ አሳየ። ኤድዊን ፖርተር የሠራው ይህ ፊልም አሥራ ሁለት ደቂቃ ያህል ብቻ የሚወስድ ነው፤ የተቀረጸውም በምዕራብ ሳይሆን በኒው ዮርክና በአጠገቧ ባለው በኒው ጀርሲ ነው። ወንበዴዎቹ ባቡሩን ያስቆማሉ፣ ይዘርፋሉ፣ ይሸሻሉ፣ ይገደላሉ። ከዚያ ጀስተስ ባርንስ የተባለው ተዋናይ ፊት ለፊት ቆሞ ሽጉጡን በተመልካቹ ላይ ይተኩሳል። ዛሬም ሳየው ወደ ኋላ እላለሁ።

በዚያው ፊልም ብዙ ትናንሽ ሚና የተጫወተው ጊልበርት አንደርሰን ኋላ «ብሮንኮ ቢሊ» በሚል ስም የመጀመሪያው የካውቦይ ኮከብ ሆነ። ከእሱ በኋላ ሁለት ሰዎች ሜዳውን ተካፈሉት። ቶም ሚክስ ቶኒ በተባለው ፈረሱ ላይ እየዘለለ፣ ባማረ ልብስ እየታየ ሕዝቡን አዝናና። ዊልያም ኤስ. ሃርት ግን ፊቱ የተቋጠረ፣ አቧራ የለበሰ፣ ከክፋት ወደ ደግነት የሚመለስ ሰው ነበር። እኔ ከሃርት ጋር ነኝ። በ1916 በተሠራው «የሲኦል ማጠፊያዎች» መጨረሻ ላይ ከተማዋ በእሳት ስትጋይ የሚታየው ትርምስ፣ ያለ አንድ ቃል፣ ብዙ ድምፅ ያለው ፊልም ያላደረገውን ያደርጋል።

ወደ «የብረት ፈረስ» ልምጣ። በ1924 ራስ ተፈሪ ወደ አውሮፓ ለመሄድ በዚሁ በእኛ ሀዲድ ወደ ጅቡቲ ወረዱ። በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ የፎርድ ፊልም ኒው ዮርክ ውስጥ ታየ። ታሪኩ በ1869 በዩታ፣ ፕሮሞንቶሪ ላይ የተገናኘው አሜሪካን የሚያቋርጥ የባቡር መስመር እንዴት እንደተሠራ ነው። ተዋንያኑና ሠራተኞቹ በኔቫዳ ብርድ፣ ከሰርከስ በተከራዩአቸው የባቡር ፉርጎዎች ውስጥ እያደሩ ነው የሠሩት፤ በረዶውም በፊልሙ ላይ ይታያል።

የፊልሙ ጠብ ግን የፍቅር ጠብ አይደለም። ሀዲዱ በየት ይለፍ የሚል ነው። አንድ ባለ መሬት መስመሩ በእሱ ርስት እንዲያልፍ ይፈልጋል፤ አቋራጩን የተራራ መተላለፊያ የሚያውቀውን ደግሞ እንዳይናገር ሊገድሉት ይሞክራሉ። ይህን ለድሬ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። መስመሩ መጀመሪያ ሊያልፍ የታሰበው በሐረር ነበር፤ ተራራው ስላልተቻለ ሀዲዱ ከግርጌው ቀረ፣ ደቻቱ ወንዝ ዳር «አዲስ ሐረር» የተባለች ከተማ ተቆረቆረች፣ ስሟም ድሬ ዳዋ ሆነ። ከ2016 ወዲህ አዲሱ ባቡር ከከተማው ወጣ ባለ ጣቢያ ሲቆም፣ ከዚራ ሰፈር ያለውን የቀድሞውን ጣቢያ ያየ ሰው ጥያቄው እንዳላረጀ ያውቃል።

ፊልሙ ሁለት ነገር ይዋሻል፤ ሁለቱም ልብ ሊባሉ ይገባል። አንደኛው፣ በመጨረሻው ትዕይንት የሚገናኙት ሁለት ባቡሮች የ1869ዎቹ ራሳቸው ናቸው ማለቱ ነው። አይደሉም። «ጁፒተር»ም ሆነ «ቁጥር 119» ከፊልሙ ብዙ ዓመት ቀድመው ተቆራርጠው ለብረታ ብረት ሄደዋል። ሁለተኛው ይብሳል፦ የአገሬው ቀደምት ነዋሪዎች በአብዛኛው ከፈረስ ላይ ሆነው ሀዲዱን የሚያጠቁ ጠላቶች ሆነው መታየታቸው። እዚህም ሀዲዱ የኢሳ አርብቶ አደሮችን ግጦሽ አቋርጦ ሲመጣ ግጭት ነበር፤ እኛ ግን የግጦሹን ባለቤቶች በስማቸው እናውቃቸዋለን፣ ጎረቤቶቻችን ናቸው። የሚገርመው፣ ፎርድ ራሱ ውሸቱን በከፊል ያፈርሰዋል። የጀግናውን አባት የገደለው እንደ ቀደምት ነዋሪ የለበሰ ነጭ ነው፤ የሚታወቀውም ሁለት ጣት ብቻ በቀረው እጁ ነው።

ቀደምት ነዋሪዎቹ ከካሜራ ፊት አልጠፉም። የሆ-ቸንክ ተወላጇ ሊሊያን ሴንት ሲር፣ በመድረክ ስሟ «ቀይ ክንፍ»፣ በ1914 በሲሲል ዴሚል ፊልም ዋና ሚና ይዛ ተጫውታለች። ጥቁሮችም ነበሩበት፤ በደቡብ ዳኮታ ገበሬ የነበረው ጥቁሩ ኦስካር ሚሾ የራሱን ልቦለድ በ1919 ወደ ፊልም ቀየረው፤ ያ ፊልም ዛሬ የለም፣ ቀጥሎ ከሠራቸው አንዱ ግን ቤልጂየም ተገኘ። ጥቁሩ ካውቦይ ቢል ፒኬትም ኮርማውን በቀንዱ ይዞ፣ ከንፈሩን ነክሶ ሲጥል ተቀርጿል። 

የተረፈው ጥቂት ነው። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በ2013 ባወጣው ጥናት፣ ከ1912 እስከ 1929 አሜሪካ ውስጥ ከተሠሩት 11,000 የሚጠጉ ረጃጅም ድምፅ አልባ ፊልሞች በመጀመሪያ መልካቸው የተረፉት 14 ከመቶ ብቻ ናቸው። ፊልሙ ይሠራበት የነበረው ናይትሬት እንደ ክብሪት ይቀጣጠላል፤ በ1937 ኒው ጀርሲ ውስጥ የፎክስ ማከማቻ ሲቃጠል አብዛኞቹ የቶም ሚክስ ሥራዎች ጠፉ። ፎርድ በ1917 የሠራው «ቀጥታ ተኩስ» ደግሞ ጠፋ ከተባለ በኋላ ፕራግ ተገኝቷል።

ለማየት ለሚያስቡ አንድ ነገር ላሳስብ። ሰዎቹ እየተሯሯጡ የሚታዩት በዚያ ዘመን በቀስታ የተቀረጸው ፊልም በዛሬ ፍጥነት ሲታይ ነው፤ በትክክለኛ ፍጥነቱ የታደሰውን ፈልጉ። «የብረት ፈረስ» ከ2020 ጀምሮ በአሜሪካ የማንም ንብረት አይደለም። በስክሪኑ ላይ የሚመጣውን ጽሑፍ ግን የሚያነብ ሰው ያስፈልጋል። ድሬ ላይ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማሊኛ አቀላጥፎ የሚናገር አንባቢ አይታጣም፤ ሞተርና ፍሬን የሚያውቁ የምድር ባቡር ጡረተኞችም አሉ። አንድ ማታ፣ ሙቀቱ በረድ ሲል፣ ከዚራ ላይ አንሶላ ዘርግታችሁ አሳዩት፤ ከፊት ያለውን ወንበር ለጡረተኞቹ ስጧቸው።