የጀልባው ሞተር አልነሳ ሲል

ሰዓቱ ከቀትር በኋላ ነው። ከዘጌ ገዳማት ወደ ባህር ዳር የምንመለስ ሰባት ሰዎች በአንዲት የሞተር ጀልባ ተሳፍረናል። የጣና ነፋስ መበርታት ሲጀምር ጀልባዋ ከእምቦጭ ክምር ውስጥ ገባችና አረሙ ፕሮፔለሩን ጠመጠመው። ነጂው ሞተሩን አጠፋና ከማርሽና ነዳጅ መስጫው እጀታ ላይ ያለችውን ትንሽ ቁልፍ ተጫነ። የሞተሩ እግር ከውኃ ወጥቶ አረሙ መነቀል ነበረበት። ሆኖም ከ«ጠቅ» በቀር የተሰማ ነገር የለም። ደግሞ ተጫነ፤ ያው «ጠቅ»።

እምቦጭ እ.ኤ.አ. በ2011 ጣና ላይ መታየቱ ከታወቀ ወዲህ ይህ ዓይነቱ ገጠመኝ ለጀልባ ነጂዎች ብርቅ አይደለም። ሐይቁም ጥልቀት የለውም። እጅግ ጥልቅ የሚባለው ቦታ እንኳ 15 ሜትር ገደማ ነው፤ ዳር ዳሩ ደግሞ ድንጋይና ደለል ነው። ስለዚህ ሞተሩን ማንሳትና ማውረድ አለመቻል ጉዞን ከማሰናከል አልፎ ሰው ውኃ ላይ ሊያስቀር ይችላል።

ሞተሩን የሚያነሳውና የሚያወርደው መሣሪያ «ፓወር ትሪም ኤንድ ቲልት» ይባላል። ትንንሾቹ ሞተሮች አብዛኛውን ጊዜ በእጅ የሚነሱ ሲሆኑ፣ ጉልበታቸው ከፍ ባሉት ላይ ግን ይህ መሣሪያ የተለመደ ነው። ስሙ እንደሚያመለክተው ሥራው ሁለት ነው። «ትሪም» የሚባለው የመጀመሪያዎቹ ሃያ ገደማ ዲግሪዎች እንቅስቃሴ ሲሆን፣ ጀልባዋ እየሄደች አፍንጫዋ ቀና ወይም ዝቅ እንዲል ያደርጋል። «ቲልት» ደግሞ ሞተሩን ጨርሶ ከውኃ ያወጣዋል።

አሠራሩን ለመረዳት ከየመንገዱ የምናውቃቸውን ሁለት ነገሮች ማሰብ ይበቃል። አንደኛው ገልባጭ መኪና ነው። አሸዋ የጫነውን ሳጥን የሚያነሳው በፓምፕ የሚገፋ ዘይት እንደሆነ ሁሉ የጀልባውንም ሞተር የሚያነሳው ዘይት ነው። ሁለተኛው በኤሌክትሪክ የሚሠራ የመኪና መስታወት ነው። እዚያ ውስጥ ያለች አንዲት ትንሽ ሞተር የፖዘቲቭና የኔጋቲቭ ሽቦዋ ሲገለበጥ አዟዟሯ ይገለበጣል። ፓምፑን የምታዞረው ሞተርም እንዲሁ ናት። ኤሌክትሪኩን የሚገለብጡላት ደግሞ ሁለት ሪሌዎች ናቸው፤ አንዱ ለማንሳት፣ ሌላው ለማውረድ።

እንግዲህ ብልሽቱ ከኤሌክትሪኩ ነው ወይስ ከዘይቱ? ይህን ለመለየት መጀመሪያ የሚያስፈልገው ጆሮ ነው። ቁልፉ ሲጫን ምን ይሰማል?

ምንም የማይሰማ ከሆነ ችግሩ ኤሌክትሪኩ ሪሌው ዘንድ ሳይደርስ የቀረበት ነው። ከባትሪው መጀመር ይገባል። በደንብ የተሞላ የ12 ቮልት ባትሪ ሥራ ላይ ሳይሆን ሲለካ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል፤ ወደ 12.2 ከወረደ ግማሽ ያህል ኃይሉን አጥቷል። ባትሪው ሞተሪኖውን በደንብ የሚያዞር ከሆነ ፊውዙን ማየት ነው። ቀጥሎ ቁልፉ ራሱ ይመረመራል። በብዙ ሞተሮች ላይ ከእጀታው ሌላ በሞተሩ ክዳን ጎን ሁለተኛ ቁልፍ አለ። በዚያኛው የሚሠራ ከሆነ ጥፋቱ ከእጀታው ቁልፍ ወይም ከሽቦው ነው።

እንደ እኛ «ጠቅ» ብቻ የሚል ከሆነ ትእዛዙ ሪሌው ዘንድ ደርሷል፤ ከዚያ ወዲያ ግን መንገድ ላይ ቀርቷል። ሁለቱ ሪሌዎች አንድ ዓይነት ከሆኑ ቦታቸውን አለዋውጦ መሞከር ነው። ቀድሞ ማንሳት እምቢ ብሎ የነበረው አሁን ማውረድ እምቢ ካለ ተበላሽቶ የተገኘው ሪሌው ነው። ሁለተኛው ሙከራ ከፓምፑ ሞተር የሚወጡትን ሁለት ወፍራም ሽቦዎች ነቅሎ ከባትሪው ጋር በቀጥታ ለቅጽበት ማገናኘት ነው፤ ይህ ግን የቤንዚን ሽታ ባለበት ፈጽሞ አይሞከርም። ሞተሯ ከዞረች ደህና ናት፤ ችግሩ ከሪሌው ወይም ከሽቦ መጋጠሚያው ላይ ነው። ካልዞረች ውኃ ገብቶባት ካርቦኗ ተበልቷል ወይም ዝጋለች ማለት ነው።

ፓምፑ እየጮኸ ሞተሩ ካልተነሳ ግን ጉዳዩ የዘይት ነው። ዘይቱ የሚታየው ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ተነስቶ በመደገፊያው ከተቆለፈ በኋላ ነው፤ ወርዶ ሳለ ክዳኑን መክፈት በውስጡ ባለው ግፊት የተነሳ አደገኛ ነው። በብዙ የያማሃ ሞተሮች የሚጨመረው የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ሲሆን፣ ለሌሎቹ መመሪያ መጽሐፋቸውን ማየት ይገባል። ዘይቱ ወተት ከመሰለ ውኃ ገብቶበታል፤ መለወጥ አለበት። አዲስ ዘይት ከተጨመረ በኋላ ሞተሩን አራት አምስት ጊዜ እስከ መጨረሻው እያነሱና እያወረዱ አየሩን ማስወጣት፣ በየመካከሉም የጎደለውን መሙላት ያስፈልጋል።

ተነስቶ ቀስ በቀስ የሚወርድ ሞተር ደግሞ የሚያሳየው ዘይቱ የሚያመልጥበት ቀዳዳ እንዳለ ነው። በመጀመሪያ መታየት ያለበት የእጅ መልቀቂያው ብሎን በደንብ መጥበቁ ነው። ጠብቆም የሚወርድ ከሆነ በሲሊንደሩ ወይም በቫልቮቹ ውስጥ ያሉት ጎሚኒዎች አልቀዋል፤ ይህ የባለሙያ ሥራ ነው። ባለ 60 ፈረስ ጉልበት፣ ባለ አራት ምት ሞተር ከ100 ኪሎ በላይ ስለሚመዝን፣ መደገፊያው ሳይቆለፍ ከሥሩ እጅ ማስገባት አይገባም።

ወደ ጉዟችን ልመልሳችሁ። ነጂያችን ከመሣሪያ ሳጥኑ ካቻቪቴ አወጣና ሞተሩ ከጀልባዋ ጋር በተያያዘበት ብረት ጎን ባለች ቀዳዳ አስገብቶ የእጅ መልቀቂያውን ብሎን ወደ ግራ አላላው። ብሎኑ የሚላላው ጥቂት ዙር ብቻ ነው፤ ነቅሎ ማውጣት አይገባም። ከዚያ ከሁለት ተሳፋሪዎች ጋር ሞተሩን በእጅ አንስተው ቆለፉት። አረሙ ተነቀለ፤ ሞተሩ ወረደ፤ ብሎኑም ተመልሶ ጠበቀ። ይህን የመጨረሻ ነገር መርሳት ጣጣ አለው። ብሎኑ ላልቶ የኋላ ማርሽ ከገባ ሞተሩ ከውኃው ተስፈንጥሮ ሊነሳ ይችላል።

ወደቡ ከደረስን በኋላ መካኒኩ የፓምፑን ሞተር በቀጥታ ከባትሪ ጋር ሲያገናኛት ያለ አንዳች ችግር ዞረች። የሽቦው መጋጠሚያ ሲፈታ በአረንጓዴ ዝገት ተሸፍኖ ተገኘ። በብርጭቆ ወረቀት ጠርጎ፣ ግሪስ ቀብቶ መለሰው፤ ጉዳዩም በዚሁ አለቀ። ከመካኒኩ እንደሰማነው ግን የጀልባዋ ባለቤት በስልክ ችግሩን ሲሰሙ መጀመሪያ ያሰቡት ሙሉ ፓምፕ ከውጭ ማስመጣት ነበር። ጥቂት ደቂቃ የፈጀ ምርመራ ከዚያ ወጪና ከወራት ጥበቃ አዳናቸው።

ጀልባ ላላቸውም ሆነ በጀልባ ለሚሳፈሩ ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ቀላል ነው። ከወደብ ሳይወጡ ቁልፉን አንድ ጊዜ ወደ ላይ፣ አንድ ጊዜ ወደ ታች መሞከር፤ ካቻቪቴም ከመሣሪያ ሳጥኑ እንዳይጠፋ ማድረግ። ነጂውን «የእጅ መልቀቂያው የት ነው?» ብሎ መጠየቅም ነውር የለውም።