የአረጋውያን መኖሪያ የኮምፒዩተር መዝገብ ሲመረጥ



በአሜሪካ ከሚኖሩ ወገኖቻችን መካከል ብዙዎች በአረጋውያን መኖሪያ ቤቶች ተቀጥረው ይሠራሉ፤ የራሳቸውን ትንሽ መኖሪያ የከፈቱም አሉ። ከእነርሱ ዘንድ የሚቀርብልን አንድ ጥያቄ፣ «ሥራውን የምናካሂድበት የትኛውን የኮምፒዩተር ፕሮግራም እንግዛ?» የሚል ነው። ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ ሻጮቹም ቀላል ያስመስሉታል። ይሁን እንጂ የሚገዛው ነገር የአንዲት እናት የጧት መድኃኒት የሚጻፍበት መዝገብ ስለ ሆነ፣ ጉዳዩ ለሒሳብ ኮሚቴ ብቻ የሚተው አይደለም።

በመጀመሪያ ስለ ቤቱ ጥቂት እናስረዳ። «አሲስትድ ሊቪንግ» የሚባለው መኖሪያ ሆስፒታል አይደለም፤ ነርስ ሳትለያቸው ለሚታከሙ ሕሙማን የተቋቋመው «ነርሲንግ ሆም»ም አይደለም። አረጋዊው የራሱ ክፍልና የራሱ ቁልፍ ኖሮት፣ ለመታጠብ፣ ለመልበስና መድኃኒቱን ለመውሰድ ግን ረዳት የሚያገኝበት ቤት ነው። ኬረን ብራውን ዊልሰን እ.ኤ.አ. በ1983 በኦሪገን ክፍለ ግዛት በፖርትላንድ ከተማ የከፈተችው ቤት ከፋና ወጊዎቹ አንዱ ነው። ነርሲንግ ሆም በአብዛኛው በፌዴራል መንግሥት ደንብ ሲተዳደር፣ ይህኛው የሚተዳደረው በየክፍለ ግዛቱ ሕግ ነው። በመሆኑም በኦሪገን የተመሰገነ ፕሮግራም የሜሪላንድን ቅጽ ላያውቅ ይችላል። ሻጩን አስቀድማችሁ መጠየቅ ያለባችሁ የእናንተ ክፍለ ግዛት ተቆጣጣሪ የሚፈልገው ቅጽ በፕሮግራሙ ውስጥ መኖሩን ነው።

ሌላም መታወቅ ያለበት ታሪክ አለ። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው ሕግ ሆስፒታሎችና ሐኪሞች ወረቀት ትተው በኮምፒዩተር እንዲመዘግቡ ብዙ ገንዘብ ሲሰጥ፣ የአረጋውያን መኖሪያዎች ከዚህ ድጎማ ውጭ ቀሩ። ከዚህም የተነሣ ዛሬም የሆስፒታሉና የመኖሪያው ኮምፒዩተር ብዙ ጊዜ አይነጋገሩም። አረጋዊው ከሆስፒታል ሲመለስ አዲሱ የመድኃኒት ትእዛዝ በወረቀት ወይም በፋክስ ይደርሳል፤ ነርሷም ከፊተኛው ጋር እያስተያየች እንደ ገና ትጽፈዋለች።

በገበያው ላይ ብዙ ፕሮግራሞች አሉ። ፖይንትክሊክኬር፣ ያርዲ፣ ማትሪክስኬርና ኤልደርማርክ በስፋት ከሚታወቁት ናቸው። ፕሮግራም የተወለደበትን ቤት ይመስላል። ያርዲ የተጀመረው ለሚከራዩ ቤቶች አስተዳደር ነውና በኪራይና በሒሳብ በኩል ሥሩ ጥልቅ ነው። ፖይንትክሊክኬር ያደገው በነርሲንግ ሆም መዝገብ ነው። ይህ አንዱን መልካም ሌላውን መጥፎ አያሰኝም፤ ሻጩን በየትኛው በኩል አጥብቃችሁ መጠየቅ እንዳለባችሁ ግን ይነግራችኋል። ኪራይ መሰብሰብን፣ የፈረቃ ሰሌዳንና የአመልካቾችን ዝርዝር አብዛኞቹ ደኅና አድርገው ይሠሩታል፤ በዚህ ላይ ጊዜ አንፈጅም።

ከሁሉ ይልቅ መመርመር ያለበት የመድኃኒት መዝገቡ ነው። ጧት ከቁርስ በፊት አንዲት ተንከባካቢ የመድኃኒት ጋሪ እየገፋች ከክፍል ወደ ክፍል ትሄዳለች። በታብሌቷ ላይ የአረጋዊውን ፎቶግራፍ፣ የመድኃኒቱን ስም፣ መጠኑንና ሰዓቱን አይታ ትሰጣለች፤ ወዲያውም ትመዘግባለች። ይህን ያህሉን ማንኛውም ፕሮግራም ይሠራዋል። ፈተናው ከተለመደው ወጣ ያለው ነው። ዋርፋሪን የተባለው የደም መርጋትን የሚከላከል መድኃኒት መጠኑ በደም ምርመራው ውጤት ይለዋወጣል፤ ዛሬ 5 ሚሊግራም የነበረው ነገ 2.5 ሊሆን ይችላል። የኢንሱሊን መጠን በዚያች ሰዓት በተለካው ስኳር የሚወሰንበት ጊዜ አለ። የሕመም ማስታገሻ እንደ አስፈላጊነቱ ሲሰጥ፣ ለምን እንደ ተሰጠ ብቻ ሳይሆን ሕመሙ ቀንሶ እንደ ሆነም ቈይቶ መጻፍ ያስፈልጋል፤ ጥሩ ፕሮግራም ያስታውሳል፣ ደካማው ዝም ይላል። ሞርፊንን የመሳሰሉትን ደግሞ ወጪውና ገቢው ፈረቃ አብረው ቈጥረው መፈረም አለባቸው። ሻጩ ማሳያ ሊያቀርብ ሲመጣ፣ እርሱ ያዘጋጀውን ትታችሁ እነዚህን አራቱን በፊታችሁ እንዲሠራ ጠይቁት። ከመድኃኒት ቤቱ የሚመጣው ትእዛዝ በቀጥታ መግባቱንም ጠይቁ። በሰው እጅ እንደ ገና የሚተየብ ከሆነ ስሕተት በዚያ በር ይገባል። በቀጥታ ከገባም ነርሷ አይታ ሳታጸድቀው ሥራ ላይ መዋል የለበትም።

የመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤት ተማሪ ሳለሁ በአንድ የአረጋውያን መኖሪያ በሌሊት ፈረቃ እሠራ ነበር። አንድ ሌሊት ሠራተኛ ጎድሎ ከአቅራቢ ድርጅት ለአንድ ፈረቃ ብቻ የመጣች ልጅ ነበረች። የራሷ የይለፍ ቃል አልነበራትም። ቃሉን መስጠት የሚችለው ሥራ አስኪያጁ ብቻ ሲሆን፣ እርሱም በቤቱ ተኝቷል። መድኃኒት የሚሰጥበት ሰዓት ሲደርስ፣ ሁላችንም እትዬ የምንላት ባልደረባችን የራሷን ቃል ሰጠቻት። በዚያች ሌሊት የአንዱ መድኃኒት ለሌላው ተሰጠ። አዛውንቱ ሆስፒታል ገብተው ከ2 ቀን በኋላ ደኅና ሆነው ተመለሱ። በመዝገቡ የተገኘው ግን የእትዬ ስም ነበር። በዚያ ሰዓት እርሷ በሌላው ፎቅ እንደ ነበረች ብንመሰክርም፣ የጸናው ኮምፒዩተሩ የጻፈው ሆነ፤ ከሥራም ወጣች። ቃሏን ለሌላ መስጠቷ ስሕተት ነው፤ አልክድም። ነገር ግን ያን ፕሮግራም የመረጡት ሰዎች በሌሊት 9 ሰዓት ምን እንደሚሆን አንድ ጊዜ እንኳ አልጠየቁም ነበር። የፈረቃው ኀላፊ ለአንድ ሌሊት ብቻ የሚያገለግል መግቢያ በጥቂት ደቂቃ መስጠት ይችላል ወይ? እኔ አሁን ለሻጮች ከማቀርባቸው ጥያቄዎች የመጀመሪያው ይህ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ነጥብ ነው። ሲድኒ ካትዝ የተባለው ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1963 ባሳተመው መለኪያ፣ ሰው ራሱን መቻሉ በ6 ነገሮች ይታይ ነበር፤ እነዚህም መታጠብ፣ መልበስ፣ መጸዳጃ መጠቀም፣ ከአልጋ ወይም ከወንበር መነሣት፣ ሽንትና ሰገራን መቈጣጠር፣ መመገብም ናቸው። የዛሬዎቹ ፕሮግራሞች ይህን የመሰለውን ምርመራ ነጥብ ይሰጡታል፤ ነጥቡ ደረጃ ይሆናል፤ ደረጃውም የወር ክፍያ ይሆናል። በአንድ ምልክት የአንድ ቤተሰብ ዕዳ ከፍ ሊል ይችላል ማለት ነው። ስለዚህ ነጥቡን ማን እንደ ለወጠው፣ መቼና በምን ምክንያት እንደ ሆነ ፕሮግራሙ መዝግቦ ለቤተሰቡ ሊያሳይ ይገባዋል። ማታ ማታ እያለቀሰች ባሏን ከምትጠራ አረጋዊት ጋር 10 ደቂቃ መቀመጥ በብዙዎቹ ዘንድ ነጥብ የለውም። የሠራተኛው ቍጥር በዚሁ ነጥብ ብቻ ከተወሰነ ያ 10 ደቂቃ ከየት ይመጣል? ሥራ አስኪያጆች ይህን ስናገር አይወዱልኝም።

መስመሩ ሲቋረጥስ? እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2024 ቼንጅ ኸልዝኬር በተባለው ድርጅት ላይ የኮምፒዩተር ጥቃት በደረሰ ጊዜ፣ በመላው አሜሪካ የመድኃኒት ቤቶችና የሕክምና ሒሳብ ሥራ ተሰናክሎ ነበር። መብራት በሄደ፣ ኢንተርኔት በጠፋ ሰዓት አረጋውያኑ መድኃኒታቸውን መውሰድ አለባቸው። የዕለቱ የመድኃኒት ዝርዝር በየቀኑ በቤቱ ውስጥ ባለ ማሽን ላይ ተቀምጦ ሊታተም መቻሉን አረጋግጡ።

ወደ ውሉ እንመለስ። ብዙውን ጊዜ ክፍያው በአንድ ነዋሪ በወር ይታሰባል፤ ማስጀመሪያና ሥልጠና ግን ለብቻ ሊጠየቅ ይችላል። ከመፈረማችሁ በፊት መውጫውን አንብቡ። ሌላ ፕሮግራም ብትመርጡ የነዋሪዎቹን መዝገብ በምን መልክ ይመልሱላችኋል? ሌላው ፕሮግራም ሊያነበው በሚችል ሠንጠረዥ ወይስ በሺህ በሚቈጠር ገጽ ሥዕል? ለስንት ጊዜስ ያቈዩላችኋል? እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው ሂፓ የተባለው ሕግ የሚመለከታችሁ ከሆነ ደግሞ፣ ሻጩ የጤና መረጃውን ስለ መጠበቅ የተለየ ውል ሊፈርምላችሁ ግዴታ አለበት።

በዋሽንግተን ክፍለ ግዛት «አደልት ፋሚሊ ሆም» የሚባሉትን፣ ማለትም 6 ሰው፣ ተጨማሪ ፈቃድ ሲገኝም እስከ 8 ሰው የሚያኖሩትን ትንንሽ ቤቶች ለያዛችሁ፣ ትልልቆቹ ፕሮግራሞች አያስፈልጓችሁም ብዬ አምናለሁ። የመድኃኒት መዝገቡን ብቻ በሚገባ የሚሠራ ትንሽ ፕሮግራም፣ ወይም በንጽሕና የተያዘ ወረቀት ይበቃል።

ማሳያው በቢሮ ውስጥ ባይሆን መልካም ነው። ጋሪው ባለበት ኮሪደር፣ ኢንተርኔቱ በሚደክምበት ጫፍ ይሁን። ታብሌቱንም ለሌሊት ተንከባካቢዋ ስጧት፤ ጓንቷን እንዳደረገች ትንካው፤ እንግሊዝኛው ሁለተኛ ቋንቋዋ ከሆነ ቃላቱን ሳትጠይቅ መረዳቷን ተመልከቱ። ሻጩ አጠገቧ ቆሞ አይንገራት።