እፍረት የሚያስዋሸው ምስክር

እኛ ጠበቆች ለመስቀለኛ ጥያቄ ስንዘጋጅ ከምስክሩ ቀድመን የምንፈልገው ጥቅሙን ነው። ከተከሳሹ ጋር ይዛመዳል? ከግል ተበዳዩ ጋር ቂም አለው? ገንዘብ ተቀብሏል? ይህ ሁሉ ከሌለ «የሚዋሽበት ምክንያት የለውም» ብለን እንደመድማለን። አኪራ ኩሮሳዋ እ.ኤ.አ. በ1950 የሠራው «ራሾሞን» የተሰኘው የጃፓን ፊልም ይህ መለኪያ ጎዶሎ መሆኑን ያሳየኝ ሥራ ነው።

ሽፍታ በጫካ ውስጥ አንድ ሳሙራይ አስሮ ሚስቱን ይደፍራል፤ ሳሙራዩም ሞቶ ይገኛል። በችሎቱ ሽፍታው «23 ጊዜ ሰይፍ ለሰይፍ ተጋጭተን በጀግንነት ገደልኩት» ይላል። ሚስት ባሏ በንቀት ዓይን ሲያያት ጩቤ እንደያዘች ራሷን መሳቷን፣ ስትነቃም ጩቤው ደረቱ ላይ ተሰክቶ ማግኘቷን ትናገራለች። ሟቹ ደግሞ በሙት ሳቢ አንደበት «ራሴን ገደልኩ» ይላል። ዳኛው አይታይም፤ ምስክሮቹ ፊታቸውን ወደ እኛ አዙረው ስለሚናገሩ በዳኛው ወንበር የምንቀመጠው ተመልካቾች ነን።

ልብ በሉ፤ ከሦስቱ አንዳቸውም ሞቱን በሌላው አላላከኩም። ቃላቸው የተጋጨው ከቅጣት ለማምለጥ ሲሉ አይደለም፤ ክብራቸውን ለማዳን ነው። ሁሉን ከዳር ሆኖ ያየው እንጨት ቆራጭ ኋላ ላይ ሲናገር የጀግንነቱ ፍልሚያ ሌላ መልክ ይይዛል፦ ሁለት የፈሩ ወንዶች እጃቸው እየተንቀጠቀጠ፣ እየወደቁና መሬት ለመሬት እየዳኹ ይፋለማሉ። እሱም ቢሆን በችሎት «ሬሳውን ብቻ ነው ያገኘሁት» ብሎ ነበር። በሉል ያጌጠው ጩቤ የት እንደገባ ሲጠየቅ ዝም ይላል። የጩቤውን ስርቆት ለመሸፈን ሲል የግድያውን እውነት አብሮ ቀብሮታል።

ይህን በአምባጓሮ መዝገቦች ላይ ዘወትር አያለሁ። ምስክሩ ሁሉ «ገላጋይ ነበርኩ» ይላል፤ «ፈርቼ ሮጥኩ» የሚል ብርቅ ነው። የሮጠው ሰው ግን ዱላው ሲያርፍ ጀርባውን ሰጥቷል፤ ከሰው የሰማውን እንዳየ አድርጎ የሚሞላው ያቺን የሸሸባትን ደቂቃ ለመሸፈን ነው። ስለዚህ «ማን መታው?» ከማለቴ በፊት የት ቆሞ እንደነበር፣ ፊቱ ወዴት እንደዞረ፣ መቼ ከቦታው እንደተንቀሳቀሰ እጠይቃለሁ።

ብዙ ሰው ከዚህ ፊልም «እውነት የሚባል ነገር የለም» የሚል ትምህርት ይወስዳል። እኔ አልስማማም። ሰውየው ሞቷል፤ ጩቤውንም የወሰደ እጅ አለ። እንጨት ቆራጩ ሌባም ቢሆን ያየው ነገር ነበር፤ በመጨረሻም ስድስት ልጆች እያሉት የተጣለ ሕፃን ለማሳደግ ይወስዳል። በአንድ ነጥብ የዋሸ ምስክር ቃሉ በሙሉ ሊጣል አይገባም፤ እያንዳንዱ ቃል ለብቻው ከሌላው ማስረጃ ጋር መመዘን አለበት።

ወጣት ጠበቆችና ዐቃብያነ ሕግ ሆይ፣ ምስክራችሁን ከችሎት በፊት ስታነጋግሩ ስለ ዝምድናና ስለ ቂም ብቻ አትጠይቁ። «ለመናገር የሚያሳፍርህ ነገር አለ?» በሉት፤ ሲነግራችሁም አትፍረዱበት። ፍርሃቱን በገዛ አፉ የተናገረ ምስክር በመስቀለኛ ጥያቄ በቀላሉ አይፈርስም።