ከመብረቁ ጀርባ የነበረው ጎረቤት

የቤንጃሚን ፍራንክሊን ስም ሲነሳ ብዙ ሰው የሚያስበው አንድ ሥዕል ነው፤ ሰማዩ ጠቁሮ፣ አንድ ሽማግሌ ካይት ሲያበር፣ ትንሽ ልጅ ከአጠገቡ ቆሞ፣ መብረቅ ከላይ ሲወርድ። ሥዕሉ ግን ከታሪኩ ጋር አይገጥምም። የካይቱ ሙከራ ተደረገ በሚባልበት በ1752 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ፍራንክሊን የ46 ዓመት ጎልማሳ ነበር። የረዳው ልጁ ዊልያምም ሃያ ዓመት ገደማ የሆነው ወጣት ነበር። መብረቁም ካይቱን አልመታውም፤ መትቶት ቢሆን ኖሮ ፍራንክሊን በሕይወት መትረፉ ያጠራጥር ነበር። በማግስቱ ዓመት በሴንት ፒተርስበርግ ተመሳሳይ ሙከራ ሲያደርግ የነበረው ጌዮርግ ሪክማን የሞተው በመብረቅ ነው።

ስለ ካይቱ ምን ማስረጃ አለ? ፍራንክሊን በጥቅምት 1752 በራሱ ጋዜጣ፣ በፔንሲልቬኒያ ጋዜት ላይ፣ ካይቱ እንዴት እንደሚሠራ ጻፈ። ከሐር መሐረብ ይሠራል፤ ጫፉ ላይ ሹል ሽቦ ይታሰራል፤ ከክሩ ታች ቁልፍ ይንጠለጠላል። ሙከራውን ያደረግሁት እኔ ነኝ ብሎ ግን በዚያ ጽሑፍ አልተናገረም። ዝርዝሩን ያተመው እንግሊዛዊው ጆሴፍ ፕሪስትሊ ነው፤ ያውም ከ15 ዓመት በኋላ። ይህ ክፍተት አንዳንድ ጸሐፊዎችን አጠራጥሯል። የሃርቫርዱ የሳይንስ ታሪክ ፕሮፌሰር በርናርድ ኮሄን በበኩላቸው ሙከራው በእርግጥ ተደርጓል ብለው ተከራክረዋል።

እንዲህ ያለውን ጉዳይ የሚያጠራው ወረቀት ከወረቀት ጋር የሚያስተያይ ሰው ነው። ለፍራንክሊን ይህን ሥራ ዕድሜ ልካቸውን ከሠሩት አንዱ ሊዮ ለሜይ ናቸው። ለሜይ በዴላዌር ዩኒቨርሲቲ የሥነ ጽሑፍ ፕሮፌሰር እንጂ የፊዚክስ ሰው አልነበሩም። ፍራንክሊን በብዕር ስም ወይም ያለ ስም ብዙ ይጽፍ ስለነበር፣ የእሱ የሆነውንና ያልሆነውን ለመለየት የጽሑፍ ለዛ የሚያውቅ ሰው ያስፈልግ ነበር። ለሜይ በ1986 ለዚሁ ጉዳይ ራሱን የቻለ መጽሐፍ አሳትመዋል።

የለሜይን አካሄድ ይበልጥ የሚያሳየው ግን ቀደም ብሎ፣ በ1964፣ የወጣው መጽሐፋቸው ነው። ባለታሪኩ ፍራንክሊን ሳይሆን ወዳጁና ጎረቤቱ አቤኔዘር ኪነርስሊ ነው።

ኪነርስሊ የባፕቲስት ሰባኪ ነበር። በ1740 የአሜሪካን ቅኝ ግዛቶች ያጥለቀለቀውን ስሜታዊ የመነቃቃት ስብከት ነቅፎ በመናገሩ ከገዛ ቤተ ክርስቲያኑ ጋር ተጋጨ። የኋላ ኋላ ሥራ ፈትቶ ሳለ ፍራንክሊን አንድ ምክር ሰጠው፦ የኤሌክትሪክ ሙከራዎችን እየዞርክ ለሕዝብ በክፍያ አሳይ። ሁለት ትምህርቶችንም አሰናዳለት። ኪነርስሊ ምክሩን ተቀብሎ ወደ ቦስተን፣ ወደ ኒውፖርትና ወደ ኒውዮርክ ተጓዘ፤ እስከ ካሪቢያን ደሴቶችም ዘለቀ። መብረቅ ኤሌክትሪክ እንደሆነና ቤትንና መርከብን ከጉዳቱ ማዳን እንደሚቻል በ1751 በአደባባይ ያስተምር ነበር። ይህም ከካይቱ ሙከራ በፊት መሆኑ ነው።

ሰውየው የሌላውን ሐሳብ ብቻ ይዞ የሚዞር አልነበረም። በመስታወትና በድኝ ሉል የሚፈጠሩት የኤሌክትሪክ ዓይነቶች እንደሚለያዩ በራሱ ሙከራ ደርሶበት ለፍራንክሊን ጻፈለት። የኤሌክትሪክ ብልጭታ አየርን ምን ያህል እንደሚያሰፋ የሚያሳይ መሣሪያም ሠራ። በፊላዴልፊያ የአንድ ነጋዴ ቤት በመብረቅ በተመታ ጊዜ ደግሞ ሄዶ መረመረ፤ የመብረቅ መከላከያው ብረት ጫፍ ቀልጦ ቤቱ ግን ደህና ነበር። ይህን በ1761 ለፍራንክሊን ጽፎ አሳወቀው።

በ1758 የግኝቶቹ ክብር የማን ነው የሚለው ጥያቄ ወደ ጠብ ሊያመራ ነበር። የፊላዴልፊያ ኮሌጅ ኃላፊና የፍራንክሊን የፖለቲካ ባላንጣ የነበረው ዊልያም ስሚዝ፣ የኪነርስሊን ክብር ፍራንክሊን ወስዶበታል የሚል ስሜት ያለው ጽሑፍ አወጣ። ኪነርስሊ በዚያው ኮሌጅ የእንግሊዝኛና የንግግር ጥበብ ፕሮፌሰር ስለነበር ስሚዝ አለቃው ነበር። ኪነርስሊ ግን ዝም አላለም፤ ውዳሴው እንደማይገባው በጋዜጣ አስታወቀ።

የሕይወት ታሪክ ጸሐፊ የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው። የተረሳውን ሰው ከፍ ለማድረግ ሲል ታዋቂውን ሌባ ማድረግ ይቀለዋል፤ ታዋቂውን ብቻ አወድሶ ሌላውን ማለፍም ይቀለዋል። የፊላዴልፊያው የኤሌክትሪክ ምርምር ግን የጥቂት ወዳጆች የጋራ ሥራ ነበር። ሹል ብረት ኤሌክትሪክን የመልቀቅ ኃይል እንዳለው ያስተዋለው ቶማስ ሆፕኪንሰን ነው፤ ብልጭታ ማመንጫውን ያሻሻለው ብር ሠሪው ፊሊፕ ሲንግ ነው። ፍራንክሊን ራሱ በጽሑፎቹ ስማቸውን ጠቅሷል። ስማቸውን የጣለው ከእርሱ በኋላ የተነገረው አፈ ታሪክ ነው።

ለሜይ በመጨረሻ ዕድሜያቸው የፍራንክሊንን ሙሉ ታሪክ በሰባት ቅጽ ለመጻፍ ተነሡ። ሁለቱ የፍራንክሊን 300ኛ የልደት ዓመት በሆነው በ2006 ወጡ። ደራሲው በ2008 አረፉ፤ የኤሌክትሪኩን ዘመን የያዘው ሦስተኛው ቅጽ ከዚያ በኋላ ለአንባቢ ደረሰ። ትረካው በ1757 ይቆማል፤ ፍራንክሊን ከዚያ በኋላ የኖረባቸው 33 ዓመታት በለሜይ ብዕር አልተጻፉም።