በጎ ፈቃደኞች መስማት በተሳናቸው ሕፃናት ትምህርት ቤት፤ የፊሊፒንስ ተሞክሮ

ከባሕር ማዶ የሚመጣ በጎ ፈቃደኛ መስማት በተሳናቸው ሕፃናት ትምህርት ቤት ለማገልገል ሲያመለክት፣ ጉዳዩ የሚመለከተው መሥሪያ ቤት የትምህርት ማስረጃውን፣ የመኖሪያ ፈቃዱንና የቆይታ ጊዜውን መመርመሩ የተለመደ አሠራር ነው። ይሁንና ከእነዚህ ሁሉ አስቀድሞ መነሣት ያለበት ጥያቄ አለ፤ ይኸውም በጎ ፈቃደኛው ከሕፃናቱ ጋር የሚግባባው በማን ቋንቋ ነው የሚለው ነው። ጥያቄው በወቅቱ ሳይነሣ ሲቀር የሚያስከትለውን ውጤት በግልጽ ከሚያሳዩ አገሮች አንዷ ፊሊፒንስ ናት።

በፊሊፒንስ መስማት ለተሳናቸው ሕፃናት የመጀመሪያው ትምህርት ቤት የተከፈተው አገሪቱ በአሜሪካ አስተዳደር ሥር በነበረችበት ወቅት፣ እ.ኤ.አ በ1907 በማኒላ ነው። መሥራቿ ዴላይት ራይስ የተባሉ አሜሪካዊት መምህርት ሲሆኑ፣ ወላጆቻቸው መስማት የተሳናቸው ስለነበሩ የምልክት ቋንቋን የለመዱት ከቤታቸው ነበር።

ሁለተኛው የውጭ ዜጎች ተሳትፎ የመጣው በአሜሪካ የሰላም ጓድ (ፒስ ኮር) አማካይነት ነው። ድርጅቱ በፕሬዚዳንት ጆን ኬኔዲ ትእዛዝ እ.ኤ.አ ማርች 1 ቀን 1961 የተቋቋመ ሲሆን፣ በዚያው ዓመት ወደ ፊሊፒንስ፣ በተከታዩ ዓመት ደግሞ ወደ ኢትዮጵያ በጎ ፈቃደኞችን መላኩ ይታወሳል። እ.ኤ.አ በ1974 በዋሽንግተን የሚገኘውና በወቅቱ ጋላውዴት ኮሌጅ ይባል የነበረው የመስማት የተሳናቸው ከፍተኛ ትምህርት ተቋም መምህርት ፍራንሲስ ፓርሰንስ ባደረጉት ጥረት፣ መስማት የተሳናቸው አሜሪካውያን ጭምር በበጎ ፈቃደኝነት ወደ ፊሊፒንስ ትምህርት ቤቶች መላክ ጀመሩ። ፓርሰንስ ራሳቸውም መስማት የተሳናቸው ነበሩ።

የእርምጃውን ክብደት ለመረዳት የዘመኑን አስተሳሰብ ማስታወስ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ በ1880 በኢጣሊያ ሚላን ከተማ የተካሄደው የመምህራን ጉባኤ የምልክት ቋንቋ ከመማሪያ ክፍል እንዲወጣና ሕፃናቱ በንግግርና በከንፈር ንባብ ብቻ እንዲማሩ ከወሰነ በኋላ፣ በብዙ አገሮች እጁን ለመግባቢያ የሚያነሣ ልጅ ይቀጣ ነበር። ፓርሰንስ ያስፋፉት የነበረው ዘዴ በአንጻሩ ምልክትን፣ ንግግርን፣ ጽሑፍንና ሥዕልን አጣምሮ መጠቀምን የሚፈቅድ ነው። ከዘዴው ባልተናነሰ ጠቃሚ የነበረው ግን የበጎ ፈቃደኞቹ ማንነት ነው ማለት ይቻላል። መስማት የተሳነው ልጅ ካላቸው ወላጆች አብዛኞቹ የሚሰሙ ሰዎች በመሆናቸው፣ ልጁም ወላጆቹም ተምሮ፣ ሥራ ይዞ፣ ባሕር ተሻግሮ የሚያስተምር መስማት የተሳነው ጎልማሳ አይተው የማያውቁበት ሁኔታ ሰፊ ነው። አንድ እንዲህ ያለ መምህር በክፍል ውስጥ መቆሙ ብቻውን የወላጆችን ግምት ሊለውጥ ይችላል።

ችግሩ አብሮ የመጣው ሌላ ነገር ነው። በጎ ፈቃደኞቹ በዚያው ዓመት ለፊሊፒንስ ያስተዋወቁት የምልክት አጠቃቀም፣ በአሜሪካ በ1970ዎቹ መጀመሪያ የተዘጋጀና የእንግሊዝኛን ሰዋስው ቃል በቃል በእጅ የሚያሳይ ሥርዓት ነበር። ልዩነቱ ለአንባቢ ግልጽ ይሆን ዘንድ የራሳችንን ቋንቋ በምሳሌነት መውሰድ ይቻላል። «ከቤቶቻቸው» የሚለውን አንድ ቃል በእንዲህ ዓይነቱ ሥርዓት ለማሳየት ለ«ከ»፣ ለ«ቤት»፣ ለብዙ ቁጥርና ለባለቤትነት ለየብቻ አራት ምልክት መሥራት ይጠይቃል። የተፈጥሮ የምልክት ቋንቋ ግን እንዲህ አይሠራም፤ የራሱ ሰዋስው ያለው በመሆኑ የእጅን አቅጣጫ፣ የፊትን ገጽታና የአካባቢውን ቦታ በአንድ ጊዜ በመጠቀም ያንኑ ሐሳብ በአጭሩ ይገልጸዋል።

በዚህም ምክንያት የፊሊፒንስ ሕፃናት ሰምተውት የማያውቁትን የእንግሊዝኛ ሰዋስው በእጃቸው እንዲከተሉ ሲጠበቅባቸው፣ በመኝታ ቤትና በመጫወቻ ሜዳ እርስ በርስ የሚግባቡበት የአገሪቱ የምልክት ቋንቋ በክፍል ውስጥ ተገቢውን ቦታ ሳያገኝ ቆይቷል። ለዚህ በጎ ፈቃደኞቹን ብቻ መውቀስ አግባብ አይደለም። የመጡት በተጠሩበት ነው፤ የያዙትም በዘመኑ የተሻለ ይባል የነበረውን ነው። የማስተማሪያ ቋንቋውን የመወሰን ኃላፊነት የተቀባዩ አገር ነበር። ፊሊፒንስ የራሷን የምልክት ቋንቋ መስማት የተሳናቸው ዜጎቿ ብሔራዊ የምልክት ቋንቋ አድርጋ በሕግ የደነገገችው እ.ኤ.አ በኦክቶበር 2018 በወጣው የሪፐብሊክ አዋጅ ቁጥር 11106 ነው። አዋጁ ቋንቋው በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች እንዲሠራበትና መስማት የተሳናቸው ተማሪዎች የሚማሩበት ቋንቋ እንዲሆን ያዛል። በሁለቱ ክስተቶች መካከል 44 ዓመታት አልፈዋል። ያ ማለት በርካታ ተማሪዎች ከአንደኛ ክፍል ገብተው ትምህርታቸውን እስኪጨርሱ በሌላ አገር ቋንቋ መዋቅር ሲማሩ ኖረዋል ማለት ነው።

ሌላው ትኩረት የሚሻው ጉዳይ የቆይታ ጊዜ ነው። የሰላም ጓድ መደበኛ አገልግሎት 27 ወራት ሲሆን፣ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ለሥልጠና የሚውሉ ናቸው። የምልክት ቋንቋን ከመሠረቱ ለሚጀምር ሰው ይህም ቢሆን ረጅም አይደለም። ለሦስትና ለአራት ሳምንታት የሚመጣ እንግዳ አጥር ሊቀባ፣ የመማሪያ ቁሳቁስ ሊያደራጅ ይችላል፤ ክፍል ይዞ ማስተማር ግን አይችልም፣ ሊፈቀድለትም አይገባም። ረጅም ውል የፈረመውም ቢሆን ድንገት ሊሄድ ይችላል። እ.ኤ.አ በማርች 2020 በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት በዓለም ዙሪያ የነበሩ 7 ሺህ የሚጠጉ የሰላም ጓድ አባላት በጥቂት ቀናት ውስጥ ወደ አገራቸው እንዲመለሱ ተደርጓል። በመሆኑም ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ ከበጎ ፈቃደኛው ጎን የአገር ውስጥ መምህር መመደብ፣ ሥራውንም በጋራ እንዲያከናውኑ ማድረግ ያስፈልጋል።

የሕፃናቱ ደኅንነትም በቸልታ የሚታይ አይደለም። ከእነዚህ ትምህርት ቤቶች በርካታዎቹ አዳሪ ናቸው፤ ሕፃናቱ ከወላጆቻቸው ርቀው የሚኖሩ ከመሆናቸውም በላይ በደል ቢደርስባቸው ቋንቋቸውን ለማያውቅ ፖሊስ ወይም ሐኪም ማስረዳት ይቸገራሉ። ከላኪው አገር የወንጀል ሪከርድ ማስረጃ መጠየቅና እንግዶች ወደ መኝታ ክፍሎች እንዳይገቡ መከልከል እንግዳን አለማክበር ተደርጎ ሊወሰድ አይገባም።

በአገራችንም መስማት ለተሳናቸው ሕፃናት ዘመናዊ ትምህርት እ.ኤ.አ በ1960ዎቹ በውጭ ሚስዮናውያን ተሳትፎ የተጀመረ በመሆኑ፣ የአሜሪካና የሰሜን አውሮፓ ምልክቶች አሻራ በኢትዮጵያ የምልክት ቋንቋ ላይ ይታያል። ሆኖም ለፊደላችን የራሱ የጣት ፊደል ተዘጋጅቶለታል፤ ለእያንዳንዱ የፊደል ዘር አንድ የእጅ ቅርጽ ሲኖረው፣ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያሉት ሰባቱ ድምፆች ደግሞ በእጁ እንቅስቃሴ ይለያሉ። የላቲኑን የጣት ፊደል ብቻ የሚያውቅ በጎ ፈቃደኛ አንዲት ተማሪ ስሟን ስትነግረው ማንበብ አይችልም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም እ.ኤ.አ በ2008 የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋን በመጀመሪያ ዲግሪ ደረጃ ማስተማር መጀመሩ ይታወቃል።

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ በ2010 ያጸደቀችው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 24 የምልክት ቋንቋን መማር እንዲመቻችና የመስማት የተሳናቸው ማኅበረሰብ የቋንቋ ማንነት እንዲጎለብት ይደነግጋል። አካል ጉዳተኛ መምህራንን ጨምሮ የምልክት ቋንቋ ችሎታ ያላቸው መምህራን እንዲቀጠሩም ያዛል። ከላኪ ድርጅት ጋር የመግባቢያ ሰነድ የሚያዘጋጅ ባለሙያ የሥልጠናውን ቋንቋ፣ ሥልጠናውን የሚሰጠውን መስማት የተሳነው ባለሙያና ክፍያውን የሚሸፍነውን ወገን በዚሁ አንቀጽ ላይ ተመሥርቶ በሰነዱ ውስጥ ማስፈር ይችላል።