የዩሮሎጂ ክፍለ ትምህርትና ዘርፎቹ

ዩሮሎጂ ኩላሊትን፣ የሽንት ፊኛን፣ የሽንት መተላለፊያዎችንና የወንድ የመራቢያ አካላትን የሚመለከት የሕክምና ሙያ ሲሆን፣ በታላላቅ ዩኒቨርሲቲዎች ራሱን የቻለ ክፍለ ትምህርት ነው። በባልቲሞር በጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል በ1915 የተከፈተው የብሬዲ ተቋም ከቀደምቶቹ አንዱ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው)። በዚህ አጭር ጽሑፍ የክፍሉን ዋና ዋና ዘርፎች፣ እንዲሁም ሕክምናና ምርምር በአንድ ጣራ ሥር መዋላቸው ለበሽተኛው ያስገኘውን ጥቅም ለማስረዳት እንሞክራለን።

ሰፊው ዘርፍ የካንሰር ሕክምና ነው። የቺካጎ ዩኒቨርሲቲው ቻርልስ ሀጊንስ የፕሮስቴት ካንሰር በወንድ ሆርሞን እየተመገበ እንደሚያድግ፣ የሆርሞኑ ምንጭ ሲቋረጥም እንደሚሟሽሽ በ1941 አሳዩ፤ በ1966ም የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ይሁን እንጂ የፕሮስቴት እጢያቸው በቀዶ ሕክምና የወጣላቸው አብዛኞቹ ወንዶች የግብረ ሥጋ ችሎታቸውን ያጡ ነበር። ምክንያቱም ነርቮቹ በየት እንደሚያልፉ በትክክል አይታወቅም ነበር። የጆንስ ሆፕኪንሱ ፓትሪክ ዎልሽና ሆላንዳዊው ፒተር ዶንከር በ1981 የነርቮቹን መንገድ በአስከሬን ላይ ተከታትለው አገኙ፤ ዎልሽም በ1982 ነርቮቹን ሳይጎዱ እጢውን አወጡ። በካናዳም አልቫሮ ሞራሌስ፣ ለሳንባ ነቀርሳ መከላከያ የምናውቀው የቢ.ሲ.ጂ. ክትባት ወደ ፊኛ ሲገባ የሰውነትን መከላከያ ቀስቅሶ የፊኛ ካንሰርን እንደሚዋጋ በ1976 አስታወቁ። ይህ ሕክምና ዛሬም ይሠራበታል።

ሁለተኛው ዘርፍ የጠጠር ሕክምና ነው። በ1980 በሙኒክ ጠጠርን ከሰውነት ውጭ በሚላክ የግፊት ሞገድ መሰባበር እስኪጀመር ድረስ ብዙ ሰው ጎኑ ተቀዶ ይታከም ነበር። ተመራማሪዎቹ ደግሞ ጠጠሩ ለምን እንደሚፈጠር ይመረምራሉ። በባሕረ ሰላጤው አገሮች በሙቀት የሚሠሩ ወገኖቻችን በላብ ብዙ ውሃ ስለሚያጡና ሽንታቸው ስለሚወፍር፣ ውሃ አዘውትሮ መጠጣት ለእነርሱ ዋነኛው መከላከያ ነው።

ሦስተኛው የተጎዳን አካል የመጠገን ዘርፍ ነው። ዕውቀት ከምዕራብ ብቻ የሚፈስ እንዳይመስለን፣ እዚህ ላይ አገራችን መምህር ናት። በ1959 ወደ ኢትዮጵያ የመጡት ዶክተር ሬጂናልድና ዶክተር ካትሪን ሃምሊን በ1974 በአዲስ አበባ በከፈቱት የፊስቱላ ሆስፒታል፣ ምጥ ሲረዝም ፊኛቸው የተቀደደባቸውን ሴቶች መጠገን ሊማሩ ከልዩ ልዩ አገሮች ሐኪሞች መጥተዋል።

ከእነዚህም ሌላ የሕፃናት፣ በነርቭ ጉዳት የሚመጣ የፊኛ ሕመም፣ እንዲሁም የወንድ መካንነት ዘርፎች አሉ። የመጨረሻው፣ ልጅ አለመውለድን በሴቲቱ ላይ ብቻ የሚያላክከውን ልማዳችንን የሚያርም ነው።

ይህ ሁሉ ዕውቀት ግን በሽተኛው ካልተናገረ አይደርስለትም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» እንደሚባለው፣ ልጁን አስተርጓሚ አድርጎ ሐኪም ዘንድ የሚቀርብ አባት ስለ ሽንቱ አፍሮ ዝም ይላል። በአሜሪካ የፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ ስላለበት፣ ይህን መጠየቅ መብት ነው። በሽንት ውስጥ የታየ ደም፣ ሕመም ባይኖረውም፣ አንድ ጊዜ ታይቶ ቢጠፋም፣ ሳይውል ሳያድር ሊመረመር ይገባል።